ሚጥሚጣን ፈልጓት

እሑድ፣ ሚያዝያ 23፤ ከቀኑ 10፡00

ፀጉሬ ውስጥ ዛሬም ጥጥ አለ። ታጥቤ ነበር የወጣሁት። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ከትከሻዬ ላይ ለቅማ፣ መስኮቱን ከፈት አድርጋ ጣለችልኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ የፋብሪካ ሴት በጥጧ ትታወቃለች።

ደሴ ወጣሁ። ለእማዬ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ነው ብያታለሁ። ሐረጎ ዳገት ላይ ጭጋጉ መንገዱን ሸፍኖት ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ነው የወጣው። 

ፒያሳ ያለው የድሮ ኢንተርኔት ቤት አልተዘጋም። ቀለሙን ቀይረውታል፤ ወንበሮቹ ግን እነዚያው ቀሚስ የሚቀዱት ናቸው። ድፍን ዓመት ሙሉ አልገባሁበትም። አባዬ ታመመ። አባዬ ሞተ። ደሴ የነበረን የቀበሌ ቤት ከእጃችን ወጣ። ኮሌጁን አቋረጥኩ። ከእማዬ ጋር ኮምቦልቻ አጎቴ ግቢ ገባን፣ እኔ ደግሞ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል። በቃ ዓመቴ ይኸው ነው። አንተ ደብተር ገና አዲስ ነህ፤ ማወቅ ያለብህን አወቅህ።

የቻታችንን የይለፍ ቃል ጣቴ አልረሳውም። እኔ ረስቼው ነበር።

ሦስቱም ስሞች አሉ፤ ግን ማንም አልገባም። ዶክተሬ፣ ፊፊ፣ ጦሳ። ዶክተሬ ሐኪም አይደለም፤ ናዝሬት ፀጉር ቤት የሚሠራ ሰው ነው። ፊፊ በባቲ መንገድ ላይ ያለችው የደጋን ከተማ ልጅ ናት። ጦሳም ደጋን ነው አገሩ፣ ሁለቱ በሰፈር ይተዋወቃሉ፤ እኛ ስናውቀው ግን ሐረር በኩል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በዚህ ማሽን ፊት ስንት ቅዳሜ አብረን አምሽተናል። እውነተኛ ስም የለም፣ ስልክ የለም፣ ፎቶ የለም ተባብለን። ደንቡን ያወጣው ዶክተሬ ነው። ሚስት ፍለጋ የገባ ሰው እንዲህ ያለ ደንብ ለምን እንዳወጣ ዛሬም አይገባኝም።

እኔ ሚጥሚጣ ነኝ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ትዕግሥት ነው። ሁለቱም አልተሳኩም።

ጦሳ ሲመረቅ ደሴ መጥቶ ሊያየኝ ነበር። አንድ ቀን፣ ሽማግሌ ብልክ በየት በኩል ይገባሉ ብሎ ጻፈ። በመስኮት ብዬ መለስኩ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ያን ቀን ቤት ስገባ እራት አልበላሁም። ከዚያ አባዬ ታመመ።

ከፊፊ መልእክት ተቀምጦልኛል። መጋቢት ውስጥ የተጻፈ። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አማርኛ ድሮም ዓይኔን ያመኛል፣ አሁን ደግሞ ልምዱም ጠፍቶብኛል። እያጉተመተምኩ አነበብኩት፦

ሚጥሚጣ የት ጠፋሽ። እኔ ጅዳ ነኝ፣ ሰው ቤት። ደህና ነኝ አልሃምዱሊላህ። ጦሳ ተመርቆ መጥቶ ነበር። መምህር ሆኖ ከባቲ ወዲያ ቆላ ደረሰው። ሚጥሚጣን ፈልጓት ይል ነበር። መውሊድ ዕለት ተከበረ። ደጋን በሙሉ ወጣ። እኔ በስልክ ነው የሰማሁት። ያላንቺ ከበደኝ።

መጥቷል! መምህር ሆኗል! ፈልጓት ብሏል!

«መውሊድ ዕለት ተከበረ» ምን ማለት ነው? መውሊድ ተከበረ አይባልም? ፊፊ ድሮም ከሰዋስው ጋር አትተዋወቅም። ሰዓቴ እያለቀ ስለነበር በጥድፊያ መለስኩላት። እንኳን አደረሳችሁ አልኳት። እኔ ሳልኖር ጨፈራችሁ አይደል፣ ጦሳ መንዙማው መሃል ሲወዛወዝ በዓይኔ መጣ አልኳት። ለእሱም ጻፍኩለት። አጭር። ኮምቦልቻ ነኝ፣ አለሁ።

ስወርድ ጭጋጉ ተገልጦ ነበር።


ሰኞ፣ ሚያዝያ 24

የጠዋት ፈረቃ። ክር ሲበጠስ መቀጠል፣ ሲበጠስ መቀጠል። ከጎኔ ያለችው ልጅ ምን አግኝተሽ ነው ዛሬ ከንፈርሽ የሚንቀሳቀስ አለችኝ። እየዘፈንኩ ነበር መሰል። በማሽኑ ጩኸት ራሴም አልሰማሁትም።

ከባቲ ወዲያ። ከዚህ ስንት መንገድ ነው? በእግዜር ስንት መንገድ ነው!


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 26፤ ከሰዓት

ከፈረቃ መልስ እዚሁ ኮምቦልቻ አንድ ቤት ሞከርኩ። ኔትዎርክ የለም። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። የለም አለኝ ባለቤቱ፣ እንደሚያሳዝን ሰው እያየኝ። ተነሣሁ።

ቤት ስደርስ እማዬ አዲሱን የሶፋ ልብስ አንጥፋለች። ገባኝ። አጎቴ ይመር ትናንት የጀመረውን የትዳር ነገር ጨርሶታል። እሑድ ሽማግሌ ይመጣል።

ጌታሁን ነው የላካቸው። አታውቀውም፤ ልንገርህ። የፋብሪካው መካኒክ ነው። ማሽኔ ሲቆም የሚመጣው እሱ ነው። ትንሽ ይናገራል። ምሳውን ሲጨርስ ሳህኑን ራሱ ያጥባል። አባዬ ሲቀበር፣ ሳያውቀን ከሰው ሁሉ ቀድሞ ቆሞ አይቼዋለሁ፤ ያኔ ገና ፋብሪካ አልገባሁም፣ ከአጎቴ ጋር ነው የመጣው። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ።

እማዬ አባዬ ከሞተ ወዲህ ዛሬ ነው የሳቀችው። 


እሑድ፣ ሚያዝያ 30፤ ከቀኑ 11፡00

አበላሸሁት። ወይም አዳንኩት። አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ሼህ ናቸው፤ ጌታሁን የሰፈሩን ትልቅ ሰው ብሎ ነው የላካቸው። እንደ ደንቡ ቆሙ፣ ተለመኑ፣ ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ክፍል። አጎቴ ገባና በሩን ገርበብ አድርጎ ምን ልበላቸው አለኝ። እንደመጠየቅ አይደለም፤ እሺ በይና ልውጣ እንደማለት ነው።

ሰው አለኝ አልኩት።

የት ያለ ሰው? ደጋን። ምን ይሠራል? መምህር ነው፣ ከባቲ ወዲያ። አጎቴ ትንሽ በረድ አለ። መምህር አይጠላም። ከዚያ ግን፣

«ማን ይባላል?»

ደብተሬ፣ ስሙን አላውቀውም። አስበው። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «ጦሳ» ነው።

«ጦሳማ ተራራ ነው» አለ አጎቴ። «አንቺ ልጅ፣ ተራራ ልታገቢ ነው?»

ሳቄ መጣ። በእግዜር ሳቄ መጣ፤ እሱ ደግሞ የሳቅኩት በእሱ መሰለው። ፊቱ ጠቆረ። በአካል አይተሽዋል አለኝ። አላየሁትም። ድምፁንስ? አልሰማሁም። ታዲያ በምን አወቅሽው? በጽሑፍ አልኩ። በሩ ገርበብ ያለ ነውና እማዬ ሰምታለች። ሽማግሌዎቹም ሳይሰሙ አይቀሩም።

አጎቴ እንቢ አላላቸውም፤ ብልህ ነው። ልጅቷ ገና ከአባቷ ሐዘን አልወጣችም፣ ትንሽ ጊዜ ስጡን አላቸው። ሼሁ ሲወጡ፣ አብሽሩ፣ አላህ ያለው አይቀርም አሉ። እማዬ የሶፋውን ልብስ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ መለሰችው። ተቆጥታ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ያም ሆኖ አልጸጸተኝም። እሱ ፈልጓት ብሏል።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 2

ቤት ውስጥ ሦስታችንም በየፊናችን እንበላለን። ዝናብ። ጌታሁን ማሽኔን ሊያይ መጣ፣ አቀናው፣ ሄደ። ደህና ዋልሽ ብቻ። ሰውየው ምን አለ ቢጠላኝ።


ሐሙስ፣ ግንቦት 4፤ ከቀኑ 9፡30

እዚሁ ኮምቦልቻ፣ ኢንተርኔት ቤቱ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ቤት ከገባሁ አልጽፈውም።

ኔትዎርክ ነበር። ዶክተሬ ገብቶ ነበር። ደስ አለኝ፣ ጮህኩ መሰለኝ፣ ሰዎች ዞረው አዩኝ። የዓመቱን ተባባልን። እሱ የራሱን ፀጉር ቤት ከፍቷል። አግብቷል፤ ከቻት ሳይሆን ከጎረቤት። ሴት ልጅ ወልዷል፤ ፀጉር የላትም፣ ለሥራዬ አትሆንም አለኝ። እኔም የአባዬን ነገርኩት። ቆይቶ፣ ነፍስ ይማር፣ ምነው ሳንሰማ ብሎ ጻፈ። ስክሪን ላይ የሚጻፍ ነፍስ ይማር እንዲህ ያስለቅሳል አላልኩም ነበር። ዓይኔን እየጠረግኩ ሳለሁ ቀጠለ።

ግን ፊፊን ለምን እንዲህ አደረግሻት አለኝ።

ምን አደረግኳት?

እንኳን አደረሳችሁ ብለሽ መለስሽላት አለ። ጨፈራችሁ አይደል ብለሽ። ሰው ቤት ተቀምጣ ስታለቅስ ሰነበተች አለ። አሠሪዋ ምን ሆነሽ ብትላት መናገር አቅቷት። ሚጥሚጣ ክፉ ምላስ እንዳላት እናውቃለን፤ በዚህ ግን ይቀለዳል ወይ?

መውሊድ ተከበረ ብላኝ እኮ ነው አልኩት። ለበዓሉ ነው።

የሚጽፍ መሆኑን የምታሳየው ምልክት ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች። ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች። በመጨረሻ አንድ ቃል ላከ። መሃሉ ላይ ያለችውን ፊደል ብቻ ትልቅ አድርጎ።

teQebere

ፊፊ የጻፈችው tekebere ነበር። በትንሿ k። እኛ በላቲን ስንጽፍ ለቀም እሷን፣ ለከም እሷን። አንብቤ፣ ከሁለቱ የፈለግኩትን መርጬ ወሰድኩ። መውሊድ ዕለት ተቀበረ። ጦሳ ተቀበረ። ደጋን በሙሉ የወጣው ለቀብር ነው።

ወባ ነው አለ ዶክተሬ። ከቆላው በአልጋ አምጥተውት፣ ደሴ ሳይደርስ።

ከዚያ ኔትዎርኩ ሄደ። ባለቤቱ ሂሳብ አልቀበልሽም አለኝ። ፊቴ ምን ይመስል ይሆን።

እኔ እኮ እንኳን አደረሳችሁ ብያለሁ። በመንዙማው ሲወዛወዝ በዓይኔ መጣ ብያለሁ። ሽማግሌ መልሻለሁ። አጎቴን ስቄበታለሁ። ያን ሁሉ ቀን ስዘፍን። ጦሳ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ


ዓርብ፣ ግንቦት 5፤ ከሰዓት

ክር በተበጠሰ ቁጥር ቆሜ አየዋለሁ። ማሽኑ ቆመ። ጌታሁን መጥቶ ፊቴን አየ። አቀናልኝና፣ ተቆጣጣሪው እስኪያልፍ ድረስ ያልተበላሸ ነገር ሲፈታና ሲያስር ቆየ። እንዳርፍ ነው። ገብቶኛል።

ለፊፊ ጻፍኩላት። የተሳሳትኩትን፣ እንዴት እንደተሳሳትኩ፣ ሁሉንም። ስንት ጊዜ አጠፋሁት፣ ስንት ጊዜ እንደገና። አውፍ በይኝ አልኳት፤ በእነሱ ቋንቋ ይቅርታ የሚባለው ይኸው ነው፣ ደሴ አድጎ የማያውቀው የለም። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ወጥታ ገብታ ነው መሰል፣ ቆይቶ መለሰች።

አውፍ ብዬሻለሁ አለች። እኔም የጻፍኩት በጥድፊያ ነው፣ እመቤቲቱ ሳትመጣ፣ ስሙን ሁለቴ መጻፍ ከብዶኝ ነው አለች። ከዚያ ነገረችኝ። የጦሳ እናት እማማ ዘሀራ ይባላሉ። ደጋን፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ የማያውቃቸው የለም። ሌላ ልጅ የላቸውም።

ስሙ ሰይድ ነው።

ሰይድ። ለአጎቴ መንገር የነበረብኝ ይኼን ነበር። ሰይድ ይባላል ብዬ። አሁን አወቅሁት።


እሑድ፣ ግንቦት 7፤ ከቀኑ 11፡00

ደጋን ደርሼ መጣሁ። ለእማዬ የሥራ ጓደኛዬ ወንድም ሞቶ ነው አልኳት። ጥቁር ቀሚሴን ስለብስ አየችኝ። ለአባዬ የለበስኩት ነው፤ የመታጠፊያው መስመር ገና አልጠፋም።

ሚኒባስ ውስጥ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ማን ነኝ ልበል? ለቅሶ ቤት የገባ ሰው የማን ወገን እንደሆነ ይታወቃል። እኔ የማን ወገን ነኝ? በአካል አላየሁትም። ድምፁን አልሰማሁትም። ረጅም ይሁን አጭር አላውቅም።

እማማ ዘሀራ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ሁለት ጎረቤት ሴቶች ምስር ይለቅማሉ። ሐዘኑ ሰነባብቷልና አዲስ ለቃሽ አይጠበቅም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገባሁ። እግዚአብሔር ያጽናዎ አልኩ። አሚን አሉና እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። ከየት ነሽ አለችኝ አንዷ።

«ከደሴ። የሰይድ ጓደኛ ነኝ።»

ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ በአፌ አወጣሁት። እማማ ዘሀራ ቀና ብለው አዩኝ።

«ጓደኛ? አብረሽው የምታስተምሪ ነሽ ልጄ? እዚያ ቆላ?»

አልዋሸሁም። አፌ ነው እንቢ ያለኝ። አንገቴን ደፋሁ፣ እሳቸው አዎ አለች ብለው ያዙት። ጎረቤቶቹም ኧረግ፣ ይህን ሁሉ መንገድ፣ ብለው ውሃ አቀረቡልኝ።

እማማ ዘሀራ ጠጋ አሉ። የሚጠይቁት ሰው ሲጠብቁ የከረሙ ናቸው።

«እኔ አላየሁትም አገሩን። ጥላ አለው ወይ? የሚያስተምርበት? ፀሐዩን አይችለውም ነበር፣ ከትንሽነቱም።»

ምን ልበል?

«አለው እማማ። ት/ቤቱ ግቢ ትልቅ ዛፍ አለ። ልጆቹ እዚያ ነው የሚሰበሰቡት።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉ። ወደ ጎረቤቶቹ ዞረው፣ ጥላ አለው አለች አሏቸው። ሁለት ጊዜ አሉ። ያን ዛፍ አሁን እኔም አምኜዋለሁ።

ፎቶውን አሳዩኝ። የምረቃው ነው። ጥርሱ ትንሽ ገለጥ ያለ። እንዲህ አልነበረም በሐሳቤ። ከሐሳቤ ይበልጣል። ትንሽ አለቀስኩ፤ ትንሽ ብቻ። የሥራ ባልደረባ ምን ያህል ያለቅሳል? መጠኑን አላውቀውም። የቀረውን ይዤው ነው የመጣሁት።

ልነሣ ስል እጄን አልለቀቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ደሴ አንዲት ልጅ ነበረችው። ስሟን አልነገረኝም፤ ወላሂ ቢነግረኝ ፈልጌ አገኛት ነበር። ሽማግሌ እልካለሁ ይለኝ ነበር። የደሴ ልጅ ነሽና ትሰሚያት ይሆናል። ካወቅሻት ንገሪያት። እየጠበቀች እንዳትቀርብኝ። አልቅሳ ይውጣላት። ከዚያ ትዳሯን ትያዝ በያት፣ እኔ እናቱ ነኝ ያልኩት በያት።»

እሺ እማማ፣ እነግራታለሁ አልኩ።

በሩን ስወጣ ጎረቤቶቹ፣ አስተማሪዋን ሸኟት እያሉ ነበር። መንገዱ ጫፍ ድረስ ሸኙኝ። መኪና እስክትመጣ ድረስ ስለ ዛፉ ጠየቁኝ። ምን ዛፍ ነው? ግራር አልኩ።


ሰኞ፣ ግንቦት 8፤ ንጋት 11፡30

ከፈረቃ በፊት። እማዬ ተኝታለች።

አጎቴ ትናንት ከበር ጠብቆኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ መጨረሻ ይመለሳሉ፣ የደጋኑን ተረት አልሰማሁም ብያለሁ፣ አንቺም አላልሽም አለኝ። በደግነት ነው። ይህን ነገር ማቃናት እንዴት ቀላል እንደሆነ ሳየው ፈራሁ። እሺ ካልኩ እማዬ ትስቃለች። የሶፋው ልብስ ይነጠፋል። ሰይድ ደግሞ ያልተባለ ነገር ይሆናል፤ ኖሮ የማያውቅ፣ ከእኛ በኩል ከአንዲት አስተማሪ ተብዬ በቀር ማንም ያላለቀሰለት።

ጌታሁንን እጠላዋለሁ? አልጠላውም። እዚህ ላይ አልዋሽህም። ግን አሁን ባገባው ሐዘኔን ደብቄበት ነው የምገባ። የማይናገር ሰው ቤት፣ ሌላ የማልናገር እኔ። ምሳ ላይ ሁለታችንም ሳህን ስናጥብ ታየኝ።

እማማ ዘሀራ ለዚያች ለደሴዋ ልጅ ንገሪያት ብለውኛል። ትናንት ማታ ነገርኳት። ሰምታለች። አልወጣላትም።

ጥቁሩን አላወልቅም። እማዬ ለአባትሽ በቃ ብትለኝ፣ ለአባዬ አይደለም እላታለሁ፣ ተቀምጬ ከመጀመሪያው እነግራታለሁ። አጎቴንም ሽማግሌዎቹ ተመልሰው እንዳይመጡ ንገራቸው እለዋለሁ። ዛሬ ከፈረቃ ስንወጣ ጌታሁንን በሩ ላይ እጠብቀዋለሁ። ሰው ሞቶብኛል እለዋለሁ፤ በአካል የማላውቀው፣ ላገባው የነበርኩ፣ ሰይድ የሚባል። እንዲህ ብዬ በእውነተኛ ስሙ፣ ጮክ ብዬ፣ ፋብሪካው ደጃፍ። ከዚያ ጥቁርሽን እስክታወልቂ እጠብቃለሁ ቢለኝም፣ ዞሮ ቢሄድም፣ እኔ ሰይድን አልደብቀውም።